ግሱ ሳይመጣ ያለቀው ካርድ

ስምንት ወር ተጠቀምኩበት። ካነበብኩት ማስታወሻ የምይዝበት፣ መስመር የሌለው ነጭ የወረቀት ካርድ ነው፤ መጠኑ ኤ6፣ 105 በ148 ሚሊሜትር። መቶ መቶ ፍሬ ታሽጎ ከካርቶን ሳጥን ጋር ይመጣል።

የሳጥኑን ነገር ቶሎ ልገላገለው፦ ክዳኑ በሁለተኛው ወር ተቀደደ፣ ካርዶቼ አሁን የጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ወረቀቱ ለእስክሪብቶ ይመቻል። በቀለም ብዕር ከጻፉበት ግን ይጠጣል፤ «ሉ» እና «ሊ» አይለዩም።

ዋናው ነገር ትንሽነቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ካነበብኩት መጽሐፍ እየገለበጥኩ ነበር የምሞላው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱን ሳወጣ የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው፣ ሐሳቡ ግን ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ሳልዘጋ አልጽፍም።

አንድ ቀን ስለ ትውስታ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ያነበቡትን ነገር፣ በተለይ ቀድሞ ከሚያውቁት ጋር የተያያዘውን፣ ጊዜ እየሰጡ ራስን ደጋግሞ መጠየቅ...» ካርዱ አለቀ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ አይደል የሚመጣው? ገልብጬ ልቀጥል ስል የምጽፈው ግስ የለኝም። መጠየቅ ትውስታን ይለካል ልበል ወይስ ያጠነክራል? ሰፊ ደብተር ቢሆን ኖሮ አንድ «ከዚህም በተጨማሪ» ጨምሬ አልፈው ነበር። ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ፣ ካርዱን ቀደድኩት፣ አዲሱ ላይ የሰፈረው ይኸው ነው፦ «ራስን መጠየቅ ትውስታን ያጠነክራል።» አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።

አቀማመጡን የተማርኩት ከጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ኒክላስ ሉማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሞት 90,000 ያህል ማስታወሻ ትቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ ወደ ሌሎቹም ይጠቁማል። እኔም በርዕስ መደርደሩን ትቼ ቁጥር ሰጠሁ፤ 21ን የሚከተል ሐሳብ ሲመጣ 21ሀ ይሆናል። ደግሞ ሉማን የሚጽፈው ቦታ እንዳይበላበት በተራ ስስ ወረቀት ነበር። ይሄ ሻጩ የሚኮራበት ውፍረት ታዲያ ለምን ይጠቅማል? 214 ካርድ ብቻ ጽፌ እንኳ የጫማ ካርቶኑን ቦታ እየበላው ነው።

መፈለጊያ የለውም፤ ቁጥሩን የረሱትን ካርድ አንድ በአንድ እያገላበጡ ነው የሚያገኙት። እኔ እንዲህ ስፈልግ የረሳኋቸውን ሌሎች ስለማነብ አላማርርም፤ የሚቸኩል ሰው ግን ይናደዳል።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ሲያልቅ ሌላ አልገዛም፤ ተራ ኤ4 ለአራት ሲቆረጥ ልክ ይሄው መጠን ይወጣዋል። መቀሱን አዘጋጅቻለሁ።