ሳይጠሩት አቤት የሚለውን ዝም የሚያሰኝ የላፕቶፕ ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግን ቤት በሽ ነው። ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ይህች ጠባብ ቤት ግን በአንድ ነገር ትለያለች። ጠጋኙ ልጅ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። «ኮፓይለቱ ይቀመጥ ወይስ ይውጣ?» ይላል። ኮፓይለት ዊንዶውስ ላይ የሚመጣው የማይክሮሶፍት የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳት ነው። ሌላ ቦታ ዊንዶውስ ይጭኑላችኋል፣ ብራቸውን ይቀበላሉ፣ በቃ ቻው ነው።

የቤቷን ስም አልጽፍም። ባለቤቱ ራሱ «እባክሽ ተይኝ፣ አሁንም ወረፋው ምሳ አላስበላኝም» ብሎኛል። ደንበኛ የሚሸሽ ነጋዴ ሳይ እሱ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ እውላለሁ። ኮምፒውተሮቼ ሲታመሙ የምወስዳቸው እዚህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ልጁን «ኢንጂነር» ይለዋል።

ወረፋው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቆመ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የቻለለት ሁሉ ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሻገረ ነው። ሲሻገር ታች ታስክባሩ ላይ ያልጠራው እንግዳ ተቀምጦ ያገኘዋል። ያ እንግዳ ኮፓይለት ነው።

ነገሩ አዲስ የሚመስለው ለእኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ መውጣት የጀመረው መስከረም 15 ቀን 2016፣ ልክ በደመራ ዋዜማ ነበር። ያኔ በክልላችን የሞባይል ዳታ ዝግ ነው። ዓለም በኮፓይለት ሲጨቃጨቅ እኛ ዋይፋይ ያለበት ቤት እያፈላለግን ነበር። ጭቅጭቁ እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን የኢንጂነር ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብሎ መስማት ነው!

በቀደም ወረፋ ስጠብቅ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ገቡ። ልጃቸው ከአሜሪካ አዲስ ላፕቶፕ ልካላቸዋለች። ኪቦርዱ ላይ፣ ከስፔስ በስተቀኝ፣ የተጠቀለለ ጥብጣብ የመሰለ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። የቀኙ ኮንትሮል መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህቺን ቁልፍ ያስተዋወቃት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ከዊንዶውስ ቁልፍ ወዲህ፣ ወደ 30 ዓመት ገደማ፣ እንዲህ ያለ ለውጥ ኪቦርዱ አላየም። መምህሩ የሚተይቡት በሁለት ጣት ነው። አውራ ጣታቸው በሳተ ቁጥር መስኮት ድንገት ብቅ ይላል።

«ምን ልርዳህ ትለኛለች» አሉ ተቆጥተው። «አንቱ እንኳ አትልም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነር ግን አልሳቀም። «መምህር፣ እንዲጠፋ ነው የሚፈልጉት ወይስ እንዲታረም?» ብሎ ጠየቃቸው። ሴቲንግ ገብቶ ቁልፏ ስትነካ የፋይል መፈለጊያ እንድትከፍት አደረገ። ከዚያ ኮፓይለትን እንደ ማንኛውም አፕ አራገፈው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ኮፓይለት፣ አንኢንስቶል። እያንዳንዷን ለመምህሩ ቀስ ብሎ አሳያቸው፣ ደግመው ራሳቸው እንዲያደርጉት። እኔ ለዚህ ቤት ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው። እጁን ደብቆ የሚሠራ ባለሙያ አልወድም።

ከመምህሩ ቀጥሎ የነበረው ራፖር ጸሐፊ ነው። የእሱ ጉዳይ ከበድ ይላል። «ኮምፒውተሩ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል አሉ። እኔ የሰው የፍቺ፣ የሰው የርስት ጣጣ ነው የምጽፈው» አለ። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሪኮል የሚባል ነገር አለ። በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪኑን ምስል እየያዘ፣ በኋላ «ያን ነገር የት ነበር ያየሁት?» ስትሉት ፈልጎ ያወጣል። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ የደኅንነት ባለሙያዎች ጩኸቱን አቀለጡት። ማይክሮሶፍት መልሶ ሰበሰበው። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ሲመለስ ባለቤቱ ፈቅዶ ካልከፈተው የማይሠራ ሆኖ መጣ። ምስሎቹ እዚያው ማሽኑ ላይ ተመስጥረው ይቀመጣሉ፤ ለመክፈት የፊት፣ የጣት አሻራ ወይም የፒን ማረጋገጫ ይጠይቃል።

ኢንጂነር ላፕቶፑን ገልብጦ አየና «ወንድሜ፣ ተረጋጋ» አለው። ሪኮል የሚሠራው ኮፓይለት ፕላስ በሚባሉት አዳዲስ ማሽኖች ላይ ብቻ ነው። ቢያንስ 16 ጊጋ ራም ይፈልጋል። በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ ለኤአይ የተለየ ቺፕም ይፈልጋል። የሰውየው ላፕቶፕ 8 ጊጋ ነው፣ ያውም ያገለገለ። ድህነታችን አንዳንዴ ጋሻ ይሆናል። ሰውየው ግን ኮፓይለቱንም አስወጣ። ለደንበኛው ምስጢር ሲል ነውና አልፈርድበትም።

ሁሉም «አውጣልኝ» የሚል እንዳይመስላችሁ። የዩኒቨርሲቲው የይባብ ግቢ ተማሪ የሆነች ልጅ ላፕቶፗን እያቀበለች «ኢንጂነርዬ፣ እሱን እንዳትነካብኝ!» ብላዋለች። የጥናቷን እንግሊዝኛ የሚያቀናላት እሱ ነው። የእሷ ችግር ዳታ ነው። ኮፓይለት ያለ ኢንተርኔት ምንም ነው፤ ጥያቄው ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ሄዶ ነው መልሱ የሚመጣው። ሆኖም ፓኬጇን ሙልጭ አድርጎ የሚበላው በብዛት እሱ ሳይሆን የዊንዶውስ አፕዴት ነው። ኢንጂነር የስልኳን ሆትስፖት «ሚተርድ» ብሎ አስቀመጠላት። እንዲህ ሲደረግ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት በራሱ ጊዜ አያወርድም። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ሁሉ ይህቺን ብቻ እንኳ አሠሩ።

ወደ ራሴ ልምጣ። ብዙዎቹ የድሮ ፋይሎቼ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መተየቢያ፣ የተተየቡ ናቸው። አንድ የኪራይ ውል ገልብጬ ኮፓይለት ላይ ለጠፍኩት። ሳጥኑ ውስጥ የገባው አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ጥፋቱ የኮፓይለት አይደለም። እነዚያ የድሮ ፊደሎች አማርኛን የሚያሳዩት በፎንቱ መልክ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ኮድ የላቲን ነው። ፎንቱ ሲነሳ ጽሑፉ ራቁቱን ይቀራል፤ ኤአይም እንደ አማርኛ ለማንበብ ይቸገራል። ኢንጂነር ሰነዶቼን ወደ ዩኒኮድ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱ ኮድ ወዳለው ሥርዓት፣ ለወጠልኝ። አንዳንድ አራት ነጥብ ቦታውን ስቶ ስለመጣ ቁጭ ብዬ አረምኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ከኤአዩ ጣጣ ሁሉ እኔን የጠቀመኝ ይህ ነው። በአንዱ ማሽን ኮፓይለቱን ተውኩት፤ የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ሲመጣ ይረዳኛል። ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ በሚያስጽፈኝ ማሽን ላይ ግን የለም።

ኢንጂነር ሥራ ላይ ወሬ ይወዳል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣ አፕዴት በስህተት ኮፓይለትን ከአንዳንድ ሰው ኮምፒውተር ማጥፋቱን የሰማሁት ከእሱ ነው። ማይክሮሶፍት ስህተት ነው ብሎ አስተካከለ እንጂ እሰይ ያለው ሰው ብዙ ነበር። ኅዳር 2018 መግቢያ ላይም የዊንዶውስ ኃላፊው ፓቫን ዳቩሉሪ ዊንዶውስ ሥራን በራሱ ወደሚከውን፣ ኤጀንት ወደሚሉት ዓይነት ሥርዓት እያደገ ነው ብሎ ቢጽፍ፣ ተጠቃሚው የስድብ መዓት አወረደበት። እኔ ሰው ኤአይን ጠልቶ ነው አልልም። ያቺ የይባብ ተማሪ ትመስክር። ሰው የጠላው ቤቱ ሲገባ ፈቃድ የማይጠይቅ እንግዳን ነው።

አሁን ደግሞ የቤቷን እንከን። መቀመጫ አንድ ዱካ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥበታል። «ነገ ውሰጂ» ካለ ከነገ ወዲያ በሉት። ደረሰኝ አይሰጥም። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ካልነገራችሁት ባክአፕ አያደርግም። ስለ ኮፓይለት አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ስለ ፎቶና ስለ ሰነዳችሁ አለመጠየቁ አይገባኝም። እኔ ነግሬዋለሁ፤ «እሺ» ብሏል፤ ሲያደርገው ግን አላየሁም።

ዋጋው ደህና ነው። ፎርማት ከእነ ዊንዶውሱ 500 ብር ወሰደብኝ። ኮፓይለቱን ለማውጣት ለብቻው ምንም አይጠይቅም። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፣ የተማሪ ጎርፍ ነው። ቻርጀራችሁን ያዙ፣ ፋይላችሁን ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። መብራት ከጠፋ ደግሞ በከንቱ እንዳትለፉ ስልክ ደውላችሁ ሂዱ፤ ጄኔሬተር የለውም።