ቬትናም ሄዳችሁ "ከመርከብ የወጣ አንቲክ ነው" ከተባላችሁ ይሄን አንብቡ

ሃኖይ ለስራ የምትመላለሱ ልጆች ካላችሁ ብዬ ነው፣ እኔ 400 ዶላሬን ተበልቻለሁ እናንተ እንኳን ትረፉ።

ዕቃው ትንሽዬ ገንቦ ናት፣ ነጭ ላይ በሰማያዊ ዘንዶ ተስሎባታል፣ ሆዷ ላይ ተጠምጥሞ ጭራው አንገቷ ስር የሚያልቅ፣ ታምራለች አልዋሽም። ሻጩ ሰውዬ "ባህር ውስጥ ከሰመጠ መርከብ የወጣች ናት" አለኝ። ጎግል ሳደርግ ሆይ አን የምትባል የቬትናም ከተማ አጠገብ ኩ ላኦ ቻም የሚባል ደሴት ጋ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሰመጠ መርከብ እውነትም አለ፣ ከ1997 እስከ 1999 ከ200,000 በላይ ሸክላ ወጥቶበት የተወሰነው ሙዚየም ገብቶ ብዙው በ2000 አሜሪካ በጨረታ ተሽጧል፣ በቃ አመንኩ። መርካቶ አድጌ እኮ ነው!

ከዛ ገልብጦ ቂጧን አሳየኝ። የድሮ የቬትናም ሸክላ ብዙ ጊዜ ቂጡ ቸኮሌት የመሰለ ቡኒ ይቀባል፣ የኔም ቡኒ ናት። ሆቴል ገብቼ በእርጥብ ሶፍት ጠረግ ሳደርጋት ሶፍቱ ቡኒ ሆነ። የድሮው እኮ ከሸክላው ጋር አብሮ የተተኮሰ ነው፣ በሶፍት አይለቅም። ጎኗ ላይ የተጣበቀችውን ዛጎል በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ዱብ አለች፣ ስሯ የደረቀ ሱፐር ግሉ።

ዋናው ግን ደረሰኙ ነው። ስከፍል "ጉምሩክ እንዳያስቸግርሽ አዲስ የእጅ ስራ ብዬ ልጻፍልሽ" አለኝ፣ እኔ ደሞ አሳቢ መስሎኝ አመስግኜ ፈረምኩ። በማግስቱ ይዣት ስመለስ ኮፒውን አውጥቶ "አዲስ ብዬ ነው የሸጥኩልሽ፣ ይኸው ፊርማሽ" አይለኝም! ፖሊስ ጋ እንዳልሄድ የሀገሩ ህግ ያለ ፈቃድ አንቲክ ማውጣት ይከለክላል፣ ሄጄ ምን ልላቸው ነው፣ ቅርስ ላሻግር ስል ተሸወድኩ? ስለዚህ ዕድሜውን ደረሰኝ ላይ ጻፍልኝ በሉት፣ እምቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ፣ ከጻፈም ደሞ ኤርፖርት ላይ ልትወረሱ ትችላላችሁና እሱም አያዋጣም።

ማማሩን ብቻ ከፈለጋችሁ ሃኖይ አጠገብ ባት ትራንግ የሚባል የሸክላ ሰሪዎች መንደር አለ፣ አዲሱን አዲስ ብለው ይሸጣሉ። የኔዋን መንታ እዛ መደርደሪያ ላይ አገኘኋት፣ የዘንዶው ጭራ ሳይቀር ቁርጥ እሷን፣ 25 ዶላር። ዛጎል ብቻ የላትም።