ደሴ ላይ ለቤተሰባችሁ ለምትሰፉ፦ እኝህን ልብስ ሰፊ እወቋቸው

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ የስፌት መኪና የሚጠግንም አይጠፋም። በቤቱ ለልጆቹና ለወላጆቹ ሊሰፋ ያሰበን ሰው አስቀምጦ እጁን የሚያፍታታ ግን ጥቂት ነው። ይህ ምስጋና ሦስቱንም ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ነው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፤ ደንበኛው ሁሉ «ጋሸ» ነው የሚላቸው።

የጋሸ ደንብ፦ የተበላሸውን ስፌት ሳትተረትሩ አምጡ። ሰው አፍሮ ይተረትርና ክሩን ለቃቅሞ፣ ጨርቁን ተኩሶ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን የሚናገር ነገር አይተርፍም። እሳቸው ስፌቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች ያዩታል። ከታች በኩል ክሩ እንደ ፎጣ ፀጉር ተንጨባርሮ ከሆነ ሁሉም ሰው የሚወነጅለው ቦቢኑን፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን፣ ነው። ጥፋቱ ግን የላይኛው ክር ነው። ክር ማጥበቂያው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች መሃል አልገባም ማለት ነው። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ የሚጫነው እግር ወርዶ እያለ ክር ሲሰካ ነው፤ እግሩ ሲወርድ ሳህኖቹ ይገጥማሉ፣ ክሩም መሃላቸው ሳይገባ ያልፋል። እግሩን አንስቶ ክሩን ከጥቅሉ ጀምሮ እንደገና መሰካት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ካዩ ይቆጣሉ።

በተቃራኒው የታችኛው ክር በላይ በኩል ነጥብ ነጥብ እያለ ብቅ ካለ፣ የላይኛው ጠብቋል ወይም የቦቢኑ ላልቷል። ለመለየት የሚያሠሩት ሙከራ ቀላል ነው፦ ላይ ቀይ፣ ታች ጥቁር ክር አድርጎ በታጠፈ አቡጀዲ ላይ አንድ ስንዝር መስፋት። ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቀይ ነጥብ ካልታየ ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሃል ላይ ተቆላልፈዋል፣ ልኩ ተገኝቷል። የብረቱን ቦቢን ቤት ደግሞ በክሩ አንጠልጥሉት። ዝም ብሎ ከወረደ ላልቷል፤ እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉ ትንሽ ወርዶ ከቆመ ደህና ነው። የጎኑ ብሎን ላይ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው፤ ከዚያም ያነሰ አዙሮ መሞከር ነው።

«መኪናዬ ስፌት ይዘላል» ለሚል መጀመሪያ የሚጠይቁት መርፌው መቼ እንደተለወጠ ነው። ካልተሰበረ አይለወጥም የሚል ልማድ አለን። መርፌ ግን ወደ 8 ሰዓት ከሰፋ በኋላ ይደነዝዛል። ተትረን ላይ ጧ ጧ ማለት ከጀመረ ወይም ጫፉ ጥፍር ላይ ሲሳብ ከጫረ ጊዜው አልፏል። ቁጥሩም እንደ ጨርቁ ነው፤ ለሽፎን 9 ወይም 11፣ ለፖፕሊንና ለተትረን 14፣ ለጅንስ 16። ገበያ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የቤት መኪና መርፌ አንገቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፣ የፋብሪካው ግን ዙሪያውን ክብ ነው። ክቡን ለቤት መኪና ገዝቶ በግድ ማስገባት መዝለልን መግዛት ነው። ሲገባም እስከ ላይ ተገፍቶ፣ ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ጎን ይዞር፤ ጠፍጣፋው በተቃራኒው ይሆናል።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የምግብ ዘይት አታድርጉ። ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይያያዛል፣ መኪናውም ይከብዳል። የስፌት መኪና ዘይት በየቀዳዳው አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ትርፍ ዘይቱን እንዲጠጣ በብጥስጣሽ ጨርቅ ላይ ትንሽ መስፋት።

የማስተማራቸው ቅደም ተከተል ነው በእኔ ግምት ትልቁ ሙያ። ሽፎን ይዞ የመጣን ጀማሪ «አብሽር፣ እሱ ይደርሳል» ብለው ይመልሱና በትራስ ልብስ ያስጀምራሉ። 50 በ70 ለሆነ ትራስ 53 በ166 ሳንቲ ሜትር አንድ ወጥ ጨርቅ ይቆረጣል። ሁለቱ አጫጭር ጫፎች መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2 ሳንቲ ሜትር ታጥፈው ይሰፋሉ፤ ቁመቱ 160 ይሆናል። ከዚያ ጨርቁን መልካሙ ገጽ (ሲያልቅ ወደ ውጭ የሚታየው) ወደ ላይ ሆኖ ዘርግቶ፣ መጀመሪያ የ20 ሳንቲ ሜትሩን ክዳን፣ በላዩ ሌላውን ጫፍ አጥፎ፣ ሁለቱን ጎን በ1.5 ሳንቲ ሜትር መስፋትና መገልበጥ ነው። ስፋቱ 150 ከሆነ ጨርቅ 1.70 ሜትር ገዝታችሁ ሁለት ታወጣላችሁ። አቡጀዲ ከሆነ ግን ሳይታጠብ አይቆረጥ። ጥግ ላይ በእስክሪፕቶ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጋችሁ እጠቡት፤ ሲደርቅ 19 ከሆነ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ገባ ማለት ነው። ለትራስ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለእናት ቀሚስ ግን ቁርጭምጭሚት ያሳያል።

ቀጥሎ የአባት ሽርጥ ጠርዝ መዘምዘም ይመጣል፤ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ እግርና እጅን ያስማማል። ከዚያ የልጅ ባለ ላስቲክ ቁምጣ። ሰው የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ልኩ የሚወጣው ልጁ ከሚለብሰው ቁምጣ ላይ ነው። ወረቀት ላይ ዘርግቶ ሲነደፍ የወገቡ ላስቲክ ሙሉ በሙሉ ተለጥጦ መያዝ አለበት፤ እንደተሰበሰበ ከተነደፈ አዲሱ ቁምጣ ዳሌ ላይ አያልፍም። ለስፌት ዙሪያውን 1.5፣ ለወገብ 4 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። ጨርቁ መልካሙ ከመልካሙ ጋር ታጥፎ ሁለቱ እግሮች ባንዴ ይቆረጣሉ። አንድ በአንድ፣ ወረቀቱን ሳይገለብጥ የቆረጠ ሰው ሁለት ግራ እግር ይዞ ይቀራል። ጋሸ ዘንድ ይህ በየጊዜው የሚመጣ ጥፋት ነው፤ ሁለቱ ገጾቹ የሚመሳሰሉ ጨርቅ ላይ ወዲያው በጠመኔ የውስጠኛውን ገጽ ምልክት ያስደርጋሉ።

አሁን የእያንዳንዱ እግር የውስጥ ጎን ለብቻው ይሰፋል። አንዱ እግር ተገልብጦ መልካሙ ወደ ውጭ ይሆናል፣ ሌላው ሳይገለበጥ ይቆያል። የተገለበጠው ካልተገለበጠው ውስጥ እንደ እጅ በካልሲ ይገባል። የሁለቱ የውስጥ ስፌት ተገጣጥሞ፣ ከፊት ወገብ ተነስቶ በመቀመጫው በኩል እስከ ኋላ ወገብ ባንዴ ይሰፋል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ሌላ ረድፍ ይደገማል። ሁለተኛውን ረድፍ የዘለለ ሰው ልጁ አንዴ ኳስ ሲጫወት ይተረተርበታል፤ ጨርቁ እዚያ ላይ በሰያፍ ስለሚለጠጥ ነጠላ ስፌት አይችለውም። ወገቡ 1፣ ከዚያ 3 ሳንቲ ሜትር ታጥፎ፣ ላስቲክ ማስገቢያ 4 ሳንቲ ሜትር ክፍት ትቶ ይሰፋል። ባለ 2.5 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ከወገብ ልክ 4 ተቀንሶ፣ ለመደራረቢያ 2 ተጨምሮ ይቆረጥና በመርፌ ቁልፍ ይሳባል። ውስጥ ለውስጥ እንዳይጠማዘዝ በሁለቱ ጎን ከላይ ወደ ታች አጭር ስፌት ይጣልበት።

ለዩኒፎርም ሱሪ የግርጌውን እጥፋት 7 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፣ በ4 ሚሊ ሜትር ረጅም ስፌት፤ ለከርሞ ለመፍታት ይቀላል። ሲለቀቅ የድሮው እጥፋት ነጣ ብሎ ስለሚታይ በላዩ አንድ ረድፍ ስፌት አልፎበት ይሸፈናል። ካውያው የከሰል ከሆነ ደግሞ ተትረን ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉ፣ አለበለዚያ ያብለጨልጫል።

ሽፎን የመጨረሻው ነው፤ የመኪናው ጥርስ ውስጥ እንዳይጎተት ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጎ ሰፍቶ ወረቀቱን መቅደድ፣ ሲጀመርም ሁለቱን የክር ጫፎች ወደ ኋላ ይዞ። የሸማ ጨርቅ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ቶሎ ስለሚተረተር ለስፌት 2 ሳንቲ ሜትር ትተው ጠርዙን ከመገጣጠማችሁ በፊት ዘምዝሙት።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ኤሌክትሮኒክ መኪና አይነኩም። ከአረፋና ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት የሰው ልብስ ስለሚደራረብባቸው ለማስተማር ጊዜ የላቸውም፤ ሰኞም የገበያ ቀን ስለሆነ ይጨናነቃሉ፣ አርብ ደግሞ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ችኩል ሰው አይስማማቸውም፦ ራሳቸው ሰፍተው ቶሎ ከመስጠት ይልቅ እናንተ ሦስቴ ብትተረትሩ ይመርጣሉ። ዋጋ ግን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፣ በኋላም አይጨምሩም።

ስትሄዱ መኪናውን ተሸክማችሁ አትድከሙ። ያልተተረተረውን ስፌት፣ እየሰፋችሁበት የነበረውን መርፌ፣ ቦቢኑን ከነቤቱ፣ ከዚያው ጨርቅ አንድ ስንዝር ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ አብዛኛው ችግር በዚያ ይታወቃል። አቅጣጫውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።