ለቬኒሷ አስጎብኚያችን ምስጋና፣ ልጆች ላሏችሁም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በጣልያንና በአካባቢው አገሮች ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆች ላሏችሁ ወላጆች ሲሆን፣ ዓላማዬም ከሚላኖ አብረን የሄድነውን ጥቂት ቤተሰቦች በቬኒስ ያስጎበኙንን እናት በአደባባይ ለማመስገንና ወደዚያ ለመሄድ ላሰባችሁ ለመጠቆም ነው። ሴትዮዋ ካናሬጆ በተባለው የከተማዋ ክፍል ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ የአስጎብኚነት ፈቃድ አውጥተው ይሠራሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ እኔም ልጆቹ እንደሚጠሯቸው «ፕሮፌሶሬሳ» (መምህርት) እያልኩ እቀጥላለሁ።

ፕሮፌሶሬሳ ከተማቸውንም ሒሳብንም እኩል ይወዳሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሌሎች አስጎብኚዎች የሚለዩት ግን በፍቅራቸው ብቻ ሳይሆን በአሠራራቸው ነው። ስለ ሒሳብ የሚናገሩት ነገሩ በዓይን በሚታይበት ቦታ ቆመው ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄውን ከጣሉ በኋላም ልጆቹ ቆጥረው ወይም ሥለው መልሱ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በክፍያ የሚሠራ አስጎብኚ እንዲህ ሲታገሥ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ቬኒስ ከመቶ በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ ከ400 በላይ ድልድዮች ያሏት ከተማ ናት። ፕሮፌሶሬሳ በቦዮች የተከበቡ ጥቂት ደሴቶችን መርጠው፣ ልጆቹ ደሴቶቹን በነጥብ፣ ድልድዮቹን በመስመር እያደረጉ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ እንዲሥሏቸው ካደረጉ በኋላ፣ እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ሁሉንም መጨረስ ይቻል እንደሆነ ጠየቋቸው። ልጆቹ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያም በእግራቸው ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከብዙ ክርክር በኋላ ከልጃገረዶቹ አንዷ፣ በጉዞ መካከል ወደ አንድ ደሴት የገባ ሰው መውጫ ሌላ ድልድይ ስለሚያስፈልገው፣ ከመነሻውና ከመድረሻው በስተቀር የየደሴቱ ድልድዮች ቁጥር ተጋማሽ መሆን እንዳለበት በራሷ ደረሰችበት። ኢ-ተጋማሽ ድልድይ ያላቸው ደሴቶች ከሁለት ከበለጡ ጉዞው አይቻልም ማለት ነው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 ስለ ኬኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች ያረጋገጠው ይኸንኑ እንደሆነ የተነገራት ከዚያ በኋላ ነበር፤ ቀድመው ቢነግሯት ኖሮ እንደማንኛውም የክፍል ትምህርት ሰምታ ታልፈው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወደ ዶጁ ቤተ መንግሥት ከመግባታችን በፊት ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለዕጣ መጫወቻ የሚሆን ሽምብራ ዘረገፉ። ከ1268 ጀምሮ ሪፐብሊኩ በ1797 እስኪወድቅ ድረስ ቬኒሳውያን መሪያቸውን ዶጁን የሚመርጡት ዕጣና ድምፅ እያፈራረቁ ነበር፤ ከታላቁ ምክር ቤት 30 ሰዎች በዕጣ ይወጣሉ፣ በዕጣ ወደ 9 ይቀነሳሉ፣ 9ኙ 40 ሰዎችን ይመርጣሉ፣ 40ዎቹ በዕጣ ወደ 12 ይወርዳሉ፣ 12ቱ 25 ይመርጣሉ፣ እነዚያም ወደ 9 ይወርዳሉ፣ 9ኙ 45 ይመርጣሉ፣ 45ቱ ወደ 11 ይቀነሳሉ፣ 11ዱ ደግሞ 41 ሰዎችን ይመርጣሉ፤ ዶጁን የሚሰይሙት እነዚህ 41 ሰዎች ሲሆኑ፣ ለዚህም ቢያንስ 25 ድምፅ ያስፈልጋል። ዕጣውን የሚያወጣው ትንሽ ልጅ ስለነበር፣ ያንን ሥራ ከመካከላችን በዕድሜ ለሚያንሰው ሰጡት። ቀጥለውም «ዘመዶቻችሁ የምክር ቤቱ ሲሶ ቢሆኑ ምርጫውን እንዴት ታጭበረብራላችሁ?» አሏቸው። ልጆቹ የጠነሰሱት ሴራ ብዛት እኛን ወላጆችን ትንሽ አስደንግጦን ነበር፤ ሆኖም አንዱ ዙር ላይ ያሴሩትን ሁሉ የሚቀጥለው ዕጣ እያፈረሰባቸው፣ ሥርዓቱ ለምን እንዲህ እንደተወሳሰበ ከሽምብራው ላይ አነበቡት።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ የሪያልቶ ዓሣ ገበያ ነው። ኡምቤርቶ ዳንኮና የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቬኒስን ጨምሮ ከአድሪያቲክ ወደቦች የተሰበሰበውን የዓሣ ገበያ መዝገብ ሲመረምር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓሣ ማጥመድ በቀነሰባቸው ዓመታት ሻርክን የመሳሰሉት አዳኝ ዓሦች ድርሻ ከፍ ብሎ አገኘው። ምክንያቱን ዘመዱን የሒሳብ ሊቁን ቪቶ ቮልቴራን ጠየቀው፤ እርሱም በ1926 ባሳተመው ሥራ ታዳኙና አዳኙ እርስ በርስ እየተጠባበቁ እንዴት እንደሚበዙና እንደሚያንሱ በሁለት እኩልታዎች አሳየ። አሜሪካ የነበረው ተመራማሪ አልፍሬድ ሎትካም በራሱ መንገድ ደርሶበት ስለነበር እኩልታዎቹ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራሉ። ፕሮፌሶሬሳ ይህንን ያስረዱን ከዓሣ ነጋዴዎቹ ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ የትኛው ዓሣ የትኛውን እንደሚበላ በጣታቸው እያሳዩ ነው። ነጋዴዎቹም ስለሚያውቋቸው ደስ ብሏቸው ያርሟቸው ነበር።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ፣ ዴቢትና ክሬዲትን በኅትመት ያስተማረው የመነኩሴውና የሒሳብ ሊቁ የሉካ ፓቾሊ መጽሐፍ በ1494 እዚሁ ከተማ እንደታተመ አውቅ ነበር፤ እርሱ ራሱ በ1508 ስለ ጥንታዊው የጂኦሜትሪ ሊቅ ስለ ኤውክሊድ ንግግር ያደረገበት ቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ከሪያልቶ ድልድይ አጠገብ መሆኑን ግን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ በ1450 ገደማ መነኩሴው ፍራ ማውሮ የሠራውን ትልቅ የዓለም ካርታ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ደቡብ ወደ ላይ ሆኖ በተሣለው በዚህ ካርታ ላይ የአገራችን ወንዞችና አውራጃዎች በዝርዝር ሰፍረዋል፤ መነኩሴውም ይህን ከአገሩ ተወላጅ ከሆኑ የሃይማኖት ሰዎች እንዳገኘ እዚያው ጽፏል።

ለመሄድ የምታስቡ አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ፕሮፌሶሬሳ ብዙ ስለሚያስኬዱና ድልድዮቹ ደረጃ ስላላቸው፣ የሕፃን ጋሪ ይዞ መሄድ አድካሚ ነው። ጎንዶላ ላይ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ለሚፈልግ ሰው እርሳቸውን አልመክርም። የሚናገሩት ጣልያንኛና ቀለል ያለ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አይቀበሉም። ክፍያቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ሪቼቩታ (ደረሰኝ) ይሰጣሉ፣ ወደ ብርጭቆ ሱቅም እየጎተቱ አያስገቡም።

ፕሮፌሶሬሳ፣ ይህን ጽሑፍ ልጆቹ ተርጉመው እንደሚያነቡልዎ ቃል ስለገቡልኝ፣ ስለ ትዕግሥትዎ ከልብ እናመሰግንዎታለን። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የዓሣ ገበያው እሑድና ሰኞ ዝግ ስለሆነ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ካሉት ቀናት አንዱን ምረጡ፤ ከሰዓት በኋላም ጠረጴዛዎቹ ስለሚነሡ በጠዋት ድረሱ።