«የተረጋገጠ አዲስ የሳተላይት ምስል» ብለው ለሚሸጡላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ተጠንቀቁ። በትዕዛዝ አዲስ ምስል እናስነሳለን፣ ውጤቱም የተረጋገጠ ነው የሚል ውል ተገልጦ ሲነበብ፣ ብዙ ጊዜ የተረጋገጠው ሙከራው ብቻ ነው። ሳተላይቷ አልፋ ካነሳች፣ ደመና ብቻ ይዛ ብትመጣም ሂሳቡ ይቆረጣል።

ዋናው ወጥመድ የደመናው አንቀጽ ነው። «ከ15 በመቶ በታች» ይላል፤ ከየትኛው ስፋት? 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አዛችሁ የምትፈልጉት መሃሉ ላይ ያለ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድብ ነው እንበል። 14 ካሬ ኪሎ ሜትር ደመና ግድቡ ላይ ቢተኛ ሻጩ ውሉን አክብሯል፤ ገንዘቤን መልስ ብትሉት የሚሰማችሁ የለም። ስለዚህ ከትልቁ ፖሊጎን (ያዘዛችሁትን ቦታ ካርታ ላይ ከሚከበው መስመር) ውስጥ ግድቡን ብቻ የሚከብ ትንሽ ፖሊጎን አያይዙና «በዚህ ውስጥ ደመናም የደመና ጥላም አይኖርም» ብላችሁ አስጽፉ። ጥላው ካልተጻፈ እንደ ደመና አይቆጠርላችሁም።

«በ2 ቀን እናደርሳለን» የሚለውም ከሳተላይቷ ማዘንበል ጋር ይያያዛል፤ ቶሎ ለማድረስ በቦታው አናት ላይ እስክታልፍ ሳትጠብቅ ከጎን አዘንብላ ታነሳለች። ዎርልድቪው-3 የተባለችው የንግድ ሳተላይት ቀጥ ብላ ቁልቁል ስታነሳ ፒክስሏ (አንዷ የምስል ነጥብ መሬት ላይ የምትሸፍነው ጎን) 31 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 20 ዲግሪ ስታዘነብል 34 ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ይብሳል፤ ሕንፃዎች ተጋድመው መንገዱን ይሸፍናሉ። ከ20 ወይም 25 ዲግሪ እንዳያልፍ ገድቡ። ይህ የማንሳት ዕድሉን ስለሚቀንስ የጊዜ ገደቡን ማስፋት ግድ ነው፤ ሁለቱንም አጥብባችሁ ምስል አታገኙም። ቦታው ሁሌም ደመናማ ከሆነ ደግሞ ደመናን አልፎ የሚያየውን የራዳር ምስል ጠይቁ፤ መልኩ ግን እንደ ፎቶ አይደለም።

የለየለት ማጭበርበርም አለ፦ ቀድሞ ተነስቶ የተቀመጠ የማኅደር ምስልን አዲስ ብሎ መሸጥ፣ ወይም ማንም በነፃ የሚያወርደውን ፒክስሉ 10 ሜትር የሆነ የአውሮፓውን ሳተላይት የሴንቲኔል-2ን ምስል ቀለም አድምቆ ማስከፈል። ከመክፈላችሁ በፊት የቦታውን የማኅደር ካታሎግ ፈትሹ። ምስሉ ሲመጣ ሜታዳታ ፋይሉን (ምስሉ መቼና በየትኛው ሳተላይት እንደተነሳ የሚገልጸውን) ክፈቱ፤ የተነሳበት ቀን ከትዕዛዙ በኋላ መሆን አለበት። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ነው፤ ወደ ቦታው ሰዓት ስትቀይሩት የአብዛኞቹ ሳተላይቶች ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል (10:30) ግድም ይወድቃል። ሜታዳታ የሌለው ባዶ የፎቶ ፋይል ብቻ ከላኩላችሁ ቀሪውን ክፍያ አትልቀቁ።