የዛንዚባር የሙሉ ቀን የጀልባ ጉዞ፦ ሜናይ ቤይ ዋና ለማንችለው እንዴት ነው?

ዛንዚባር ልትሄዱ ከሆነ ገና ከኤርፖርት ስትወጡ ጀምሮ ሁሉም ሰው ሊሸጥላችሁ የሚሞክረው ነገር የሜናይ ቤይ የሙሉ ቀን የጀልባ ጉዞ ነው። ባለታክሲው ይሸጣል፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ትሸጣለች፣ ቢች ላይ መነጽር የሚያዞረው ልጅ ራሱ ዋትሳፑን ከፍቶ ፎቶ እያሳየ ይሸጣል። አብዛኛው ሰው ሳፋሪ ብሉ እያለ ነው ሚጠራው፣ ማንም ይሽጥላችሁ ማን ፕሮግራሙ ያው አንድ ነው፦ በእንጨት ጀልባ መውጣት፣ ስኖርክሊንግ (ማስክና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ እየተንሳፈፉ ውሃ ውስጥ ማየት)፣ ባሕር መሀል ያለ አሸዋ ላይ መውረድ፣ ደሴት ላይ ምሳ፣ በሸራ መመለስ። እውነቱን ልንገራችሁና ቀኑ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ስኖርክሊንግ ከሁሉም ደካማው ነው። እኔ ብሩ የወጣው ለሌላው ነው ብዬ ነው ምቆጥረው።

የሚነሳው ፉምባ ከሚባል መንደር ነው፣ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ። ስቶን ታውን ካደራችሁ ቅርብ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ካደራችሁ ግን ደሴቱን ከሰሜን ደቡብ ማቋረጥ ነው፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ማለት አለ፣ ሲመለሱም ያው፣ ከነጨዋችሁ ከነእርጥብ ልብሳችሁ። እኛ ሰሜን ነበርን። ለዚ ጉዞ ብላችሁ አንድ ሌሊት ስቶን ታውን ብታድሩ ይሻላል፣ ከተማው ራሱ መታየት ያለበት ነው።

ሰዓት ላይ ደሞ አንድ ደስ ሚል ነገር አለ፣ እነሱም ሰዓት ሚቆጥሩት እንደኛ ነው፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው አንድ ብለው ሚጀምሩት። ሾፌሩ በስዋሂሊ ሦስት ሰዓት ካለ የኛው የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከፈረንጅ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ወደ ፈረንጁ ይቀይሩታል፣ ስለዚ ቀጠሮ ስትይዙ የቱን እንደሆነ አስረግጣችሁ ጠይቁ፣ ሐበሻ ነን ስትሏቸው ደሞ ይባስ ይምታታል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ማንም ሻጭ ማይነግራችሁ ነገር፣ ቀናችሁ እንዴት እንደሚሆን ሚወስነው ፓኬጁ አይደለም፣ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ነው። እኛ አገር ባሕር ስለሌለ ይሄ ነገር ጭራሽ አይታሰበንም እኮ። ዛንዚባር ላይ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ አራት ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ሰዓቱ ደሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየገፋ ነው ሚሄደው። ስለዚ ዛሬ የሄደ ሰውና በሳምንቱ የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ጉዞ አይደለም ያዩት። እኩለ ቀን ላይ ውሃው ከጎደለ ያ ፎቶ ላይ ያያችሁት ነጭ አሸዋ ሰፋ ብሎ ይወጣላችኋል፣ ማንግሮቭ የሚባሉት ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች መሀል ያለው ሐይቅ ነገር ግን ይደርቅና ዋና የለም። ከሞላ ደሞ በተቃራኒው፣ ማንግሮቩ ውስጥ ትዋኛላችሁ አሸዋው ግን ይሰወራል። ሁለቱንም በአንድ ቀን በደንብ አያለሁ የሚል ሰው ሰዓቱ ገጥሞለት ካልሆነ አይሆንለትም። ከመክፈላችሁ በፊት ለዛ ቀን የባሕሩን ሰዓት ስልካችሁ ላይ እዩ፣ ዛንዚባር ታይድ ብላችሁ ብትፈልጉ ይወጣል። ለእኛ የሸጠልን ሰውዬ ይሄን ጠይቄው ሁሌም አንድ ነው ኖ ፕሮብለም ነበር ያለኝ። አይደለም።

ጀልባው። ዳው ይሉታል፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ሦስት ማዕዘን ሸራ ያለው፣ ሲወጣ ግን በሞተር ነው ሚሄደው። ሳንቃዎቹ መሀል ያለውን ስንጥቅ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ጥጥ ነው የተጠቀጠቀበት፣ በኮኮናት ዘይት ነክረው እየገፉ ነው ሚደፍኑት አለኝ አንዱ ልጅ። እቴቴ (ታላቅ እህቴ ናት) ይሄን ስትሰማ መሀል ላይ ሄዳ ቁጭ አለችና "አንቺ ልጅ፣ በጥጥ በተደፈነ ጀልባ ልትገድይኝ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣሽኝ?" አለችኝ። ለእሷ ውሃ ማለት ላንጋኖ ዳር ቁጭ ብሎ የተጠበሰ ዓሣ መብላት ነው፣ ከጉልበቷ በላይ ገብታ አታውቅም።

ለዚ ነው ይሄን ምጽፈው በዋናነት፣ ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፣ ይሄ ጉዞ ለኛ ይሆናል ወይ የሚለውን ማንም ሐበሻ ጽፎ አላገኘሁም። ይሆናል። ግን ሁለት ነገር ካላሟላ ከጀልባው አትውረዱ፦ ለእናንተ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬትና ውሃ ውስጥ አብሯችሁ የሚገባ ጋይድ። ላይፍ ጃኬቱን ከመነሳታችሁ በፊት ለብሳችሁ አስሩት፣ ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ አገጫችሁ ጋ ከደረሰ ሰፍቷችኋል ማለት ነው፣ አስቀይሩ። እኛ ጀልባ ላይ ግማሹ መቆለፊያው የተሰበረ ነበር፣ እየመረጥን ነው የለበስነው፣ በዚ በኩል ድርጅቱ ዜሮ ነው። ጋይዱ ግን ወርቅ ነበር። እቴቴን "ዳዳ" እያለ ነበር ሚጠራት፣ እህቴ እንደማለት፣ ክብ መንሳፈፊያ አስይዟት እሱ ገመዱን እየጎተተ፣ ሳይቸኩል፣ እሷ በአማርኛ ማርያም ማርያም እያለች እሱ በስዋሂሊ ፖሌ ፖሌ (ቀስ በቀስ) እያለ ተግባቡ። ፊቷን ውሃ ውስጥ ለመክተት ብዙ ፈጀባት። አንዴ ካየች በኋላ ግን ውጪ ስንላት እምቢ ያለችው እሷ ናት።

ማስኩ ላይ ሴቶች ልብ በሉ፣ ግንባራችሁ ላይ የወረደ ሹሩባ ወይም ፀጉር ከጎማው ስር ከገባ ውሃ ያስገባል፣ አንድ ዘለላ ፀጉር ራሱ ይበቃል፣ ፀጉራችሁን ወደኋላ ሰብስባችሁ እሰሩ። ወንዶቹም ፂም ያላችሁ ያው ነው፣ ባለቤቴ በየደቂቃው ቀና እያለ ሲደፋ ነበር። መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ደሞ ምራቅ ተፍቶ ማሸት ነው መድኃኒቱ፣ ጋይዱ ራሱ ተፍቶ ሊሰጣችሁ ሲል "እኔው ልትፋ" በሉት።

ውሃ ውስጥ ያየነው፦ ኮራሉ (ባሕሩ ስር ያለው ድንጋይ የሚመስል ሕይወት ያለው ነገር) እዚም እዛም ጥሩ ነው፣ እዚም እዛም የሞተና የተሰባበረ ነው። የውሃው ጥራት እንደ ፎቶው አይደለም፣ ትንሽ ደፍረስ ይላል። ምኔምባ የሚባለው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ለስኖርክሊንግ ይበልጣል፣ ዓሣ ብቻ ማየት ምትፈልጉ እሱን ሂዱ፣ ደሴቷ ግን የግል ሆቴል ስለሆነች አትወርዱባትም፣ ዙሪያዋን ነው ምትዋኙት፣ ጀልባውም ይበዛል። ሜናይ ላይ እኔን የገረመኝ ፓሮትፊሽ የሚሉት ሰማያዊና አረንጓዴ ዓሣ ነው። ዝም ብላችሁ ከተንሳፈፋችሁ ሲበላ ይሰማችኋል፣ ቀሽ ቀሽ፣ አጠገባችሁ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ነው ሚመስለው። ድንጋዩን ነው እኮ ሚበላው፣ ኮራሉን በጥርሱ ፍቆ ፈጭቶ በኋላ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፣ ኮራል ባለበት ባሕር ዳር ካለው ነጭ አሸዋ ብዙው ከዚ ዓሣ ሆድ የወጣ ነው። ይሄን ለእቴቴ ምሳ በልተን አሸዋው ላይ ከተጋደምን በኋላ ነው የነገርኳት።

እግራችሁን ግን የትም እንዳታሳርፉ። ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያለው፣ ጃርት የመሰለ ነገር አለ፣ ድንጋዩ መሀል ተሸጉጦ ነው ሚቀመጠው። ጎማ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።

ቅሬታዬን እዚጋ ልናገር፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሜናይ ቤይ ከ1997 (በፈረንጅ) ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግለት ቦታ ነው፣ እኛም ለዛ ተብሎ ከፍለናል። ጀልባው ላይ የነበረው ሁለተኛው ልጅ ግን ኮከብ ዓሣ ከውሃ እያወጣ ፎቶ ተነሱ እያለ በየሰዉ እጅ ያስቀምጣል፣ አንዷ ቱሪስት ፀጉሯ ላይ አድርጋ ስትነሳ ነበር። ከውሃ ሲወጣ ይጎዳል፣ ይሄን ከኔ በላይ እሱ ነው ሚያውቀው። ዶልፊን ሲታይ ደሞ ሁሉም ጀልባ ሞተሩን አስነስቶ አብሮ ሮጠ፣ ከግራም ከቀኝም ከበቧቸው፣ እነሱ ጠልቀው ጠፉ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ካፒቴኑን ሞተር አጥፋልን ብለን ለምነን አጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ዶልፊኖች ራሳቸው ጠጋ ብለው አለፉ። እናንተም ካፒቴኑን አጥፋ በሉት፣ ይሰማል። ዝም ካላችሁ ግን ምትፈልጉት ማባረሩን ነው ብሎ ነው ሚያስበው።

አሸዋው ላይ እድለኛ ነበርን፣ ውሃው የጎደለበት ሰዓት ነበር። ባሕር መሀል ነው ምትወርዱት፣ ዛፍ የለ ቤት የለ፣ ሸራ ወጥረው ጥላ ይሠሩና ፍራፍሬ ይቆርጣሉ። ማንጎና ፓፓያ ለኛ ብርቅ አይደለም፣ ጃክፍሩቱን ግን ቅመሱት፣ እጅ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል እንጂ ጣዕሙ ሌላ ነው። ፀሐዩ ከላይም ከታችም ነው ሚመታችሁ እዚጋ። እኛ ጥቁር ነን ምንም አንሆንም የምትሉ ወንድሞቼ፣ ባለቤቴ እንደዛ ነበር ሚለው፣ ማታ ጀርባውን ነክቼው ጮኸ። ሰንስክሪን ከመቀባት ይልቅ እጅጌ ያለው ቲሸርት ለብሶ መዋኘት ይሻላል፣ ለኮራሉም ይሻላል።

ምሳው ክዋሌ የምትባል ደሴት ላይ ነው። እዚ ላይ ነው የሐበሻው ፈተና፣ ጥብሱ ሎብስተር ነው፣ ኦክቶፐስ ነው፣ ካላማሪ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ እቴቴ ፆመኛ ናት፣ ረቡዕ ባይሆንም ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር አፏ አታደርስም። ሲቀርብ አይታ "ይሄ ሸረሪት ነው" ብላ ወንበሯን አዞረች። ግን ፆም ለሚይዝ ሰው በጣም የተመቸ አገር ነው፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ወጥ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በሎሚ የተሠራ ሰላጣ፣ ድንች፣ ሁሉም አለ፣ ቅቤ የለበትም። ፆም ነኝ ብላችሁ ጠዋት ጀልባ ሳትገቡ ተናገሩ፣ ቬጋን በሉ ይገባቸዋል። እኔ ተራውን ዓሣ በላሁ፣ በከሰል የተጠበሰ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ብቻ፣ እንዲህ ዓይነት ዓሣ በልቼ አላውቅም። ኦክቶፐሱንም ቀመስኩ፣ እቴቴ ሳታይ። ለስላሳ ነው፣ ሁለተኛ ግን አልነሳም። መጨረሻ ላይ ሐሉዋና ቡና ይመጣል። ቡናው ቅመም አለው፣ እንግዳ ነን ብለን ዝም ብለን ጠጣነው።

ምሳ በልታችሁ እዛው እንዳትተኙ፣ ደሴቷ ውስጥ ትንሽ ገባ ስትሉ የወደቀ ትልቅ ባኦባብ የሚባል ግንደ ወፍራም ዛፍ አለ፣ ተጋድሞም እየኖረ ነው፣ ቅጠል ያወጣል፣ ግንዱ ላይ በእግር ይወጣል። ማንግሮቩ ለኛ ደርቆ ስለነበር አልፈነዋል።

ሲመለሱ ሞተሩ ይጠፋና ሸራው ይዘረጋል። ከቀኑ ሁሉ እኔ ምመርጠው ይሄን ነው፣ ድምፅ የለም፣ ነፋሱ ብቻ፣ እቴቴ ያቺ መሀል ላይ ሙጥኝ ያለችው ሴትዮ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ነበር። ነፋስ ከሌለ ግን በሞተር ነው ምትመለሱት፣ እሱን ማንም ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። ከማርች እስከ ሜይ ትልቁ ዝናብ ነው፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከደቡብ ሚመጣ ጠንከር ያለ ነፋስ አለ፣ ሚያጥወለውላችሁ ሰዎች በዛን ጊዜ ከሆነ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ፣ ካቅለሸለሻችሁ በኋላ አይሠራም።

ዋጋ፦ እኛ በሰው 65 ዶላር ከፈልን፣ ምሳና ትራንስፖርት ጨምሮ። ከዛ በጣም በረከሰ ዋጋ ሲሰጧችሁ ጀልባው ላይ ስንት ሰው ነው ሚጫነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ቁጥሩን በዋትሳፕ ይጻፉላችሁ። አንድ ጋይድ ለሃያ ሰው ከሆነ ዋና ለማይችል ሰው ጥቅም የለውም። ቲፕ ለጋይዱና ለምግብ ሠሪዎቹ ለየብቻ በሽልንግ ስጡ፣ ለካፒቴኑ ከሰጣችሁት ለሌላው መድረሱን እንጃ። ፌስታል ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ታንዛንያ ከ2019 (በፈረንጅ) ጀምሮ ከልክላለች፣ እርጥብ ልብስ ምታደርጉበት የጨርቅ ቦርሳ ያዙ። እና ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው 44 ዶላር የመንግሥት ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፣ የራሳችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖርም፣ ስለዚ ባጀት ስትሠሩ ቲኬቱ ላይ ደምሩት፣ ኦንላይን ቀድማችሁ ክፈሉና ወረቀቱን ስልካችሁ ላይ ያዙት።