ገመድ ለምትዘሉ፦ ስማርት ሰዓት፣ የደረት ቀበቶ ወይስ ቆጣሪ ያለው ገመድ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ገመድ እንዘላለን። እሱ ስማርት ሰዓት ያስራል፤ የኔ ገመድ እጀታው ላይ ቆጣሪ አለው። ባለፈው እኩል 10 ደቂቃ ዘለን ስናይ የሱ ሰዓት 171 ካሎሪ ይላል፣ የኔ ገመድ 96። ሁለታችንም 60 ኪሎ ነን። ታዲያ ማንን እንመን?

በወረቀት ሠራነው። ሜት የሚባል መለኪያ አለ፤ ሰውነት ዝም ብሎ ከተቀመጠበት ጊዜ ስንት እጥፍ እንደሚሠራ ይናገራል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ለሚዘል 11.8 ነው፣ ከ100 በታች ለሚዘል 8.8። ይህን በኪሏችሁ፣ ከዚያ ስንት ሰዓት እንደዘለላችሁ በዚያ አባዙት። 11.8 በ60 ሲባዛ 708፤ ለ10 ደቂቃ ስድስተኛውን ስትወስዱ 118 ገደማ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን ነፃ ነው።

ስማርት ሰዓት የልብ ምትን የሚያነበው አንጓ ላይ ብርሃን እያበራ ነው፤ ገመድ ስትዘሉ ደግሞ የሚሽከረከረው ያው አንጓችሁ ነው፣ ላብ ሲጨመርበትና ማሰሪያው ሲላላ ንባቡ ይዘባረቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ላይ የሚታሰሩ 7 መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። 6ቱ የልብ ምትን ደህና አድርገው ለኩ። ካሎሪ ላይ ግን የተሻለ የተባለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው 93!

የደረት ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚያነብ በልብ ምት ከሰዓት ይበልጣል። ካሎሪው ግን እሱም ላይ ግምት ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ስትወጡ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላላችሁ፤ አየሩን እስክትለምዱት ልባችሁ ፈጠን ስለሚል ያልተቃጠለ ካሎሪ ሊቆጥርላችሁ ይችላል።

ለገመድ ብቻ ከሆነ እኔ ቆጣሪ ያለውን ገመድ ነው የምመክረው። ሱቅ ውስጥ አስከፍቱትና 20 ጊዜ አሽከርክሩት፤ 20 ካላለ መልሱት። ኪሎ ማስገቢያ ከሌለው ካሎሪውን እርሱት፣ ብዛቱን ብቻ ያዙና በወረቀት አስሉት። ሩጫም የምትሮጡ ከሆነ ሰዓቱ ያዋጣችኋል። ጓደኛዬ አሁን ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ያስረዋል፤ ዝላዩን ግን በኔ ገመድ ነው የምንቆጥረው።